የእሑድ ማታ ሒሳብ

አርብ፣ አሥራ አንድ ሰው።
ዝናቡ ነው እንጂ ፊልሙ አይደለም ክፉ፤
ከሂርማታ ማዶ መንገዱን ዘግቶት ነው አዌቱ በጎርፉ።
መብራትም ጠፋብን፣ ደብዳቤውን ገና ልጅቷ ስትከፍት፤
አሥራ አንዱም ባንዴ «ምን ይላል?» ብለው ጮኹ እንደ ሕፃናት።
ጄኔሬተር የለንም። ያለው ተበላሽቷል፤
ቶፊቅ «ይሠራል» ካለን ሁለት ፋሲካ፣ ሁለት ዒድ አልፏል።

ቅዳሜ፣ ዘጠና ሁለት።
ከአጂፕ፣ ከመንደራ፣ ከፈረንጅ አራዳ፣ ከኮጪ ሰፈር፣
ጥንዶች መጡ ብዙ፣ ባንድ ጃንጥላ ሥር፤
አንዱን ትከሻቸውን ለዝናብ አበድረው፣ አንዱን ለፍቅር።
ሰባተኛው ረድፍ፣ አራተኛው ወንበር፣ እግሩ ስለላላ
የተቀመጠበት ይወድቃል፤ ይነሣል፤ አይሄድም ወደ ሌላ፤
ከዚያ ነው የሚታይ የልጅቷ ፊት፣ ያለ ምሰሶው ከለላ።

እሑድ ግን... እሑድማ!
ሁለት መቶ አሥራ አራት፣
በኋላ በር የገቡትን ስድስት ልጆች ሳንቆጥራቸው፤
ጋሽ ወልደሰንበት አይቶ እንዳላየ አሳልፏቸው።
«እኔ በስሜ የሰንበት ልጅ ነኝ» ይላል፣ «ወንድሞቼ ናቸው።»
ደብዳቤው ተነበበ፣ መብራትም አልጠፋ፤
የሰው እንባ ይሁን የጣሪያው ፍሳሽ፣ ወለሉ ላይ ሰፋ።

አሁን ሰው ወጥቷል።
የኦቾሎኒ ልጣጭ፣ አንድ እግር የልጅ ጫማ፣
እና እኔ ቀርተናል፣ ከቅዳጅ ትኬት ጋር፣ በእሑድ ጨለማ።
ዚያዳ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት መስኮቷ ላይ ያለሁት፤
እጄን እንጂ ፊቴን ብዙዎች የማያውቁት።
ፊልሙን አላየሁትም። በግድግዳው በኩል ነው የሰማሁት።

ድምሩ ይኸው፦ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት።
ለአዲስ አበባ ምንም ነው፣ የአንድ አዳራሽ፣ የአንድ ሌሊት፤
ለእኛ ግን የወልደሰንበት ደመወዝ ነው፤ ቆርቆሮ ነው፤ ውዝፍ መብራት።

ከመስኮቴ ጎን፣ ግድግዳው ላይ፣
«በቅርብ ቀን» ይላል።
ለጥፈነው ከክረምቱ በፊት፣ ዝናቡ አጥቦ አጥቦ
የተዋናዩን ጢም ወሰደው፤ ዓይኑ ብቻ ቀረ፣ እንደ ሰው ተርቦ።
«ቅርብ ስንት ቀን ነው?» ይሉኛል ልጆቹ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፤
ምን ልበል? ቅርብም መንገደኛ ነው፤ ያውቃል ለራሱ።

ከሁሉ ግን ሙዘይን።
ባጃጅ ነበረችው፤ ሰማያዊ፣ በጀርባዋ ንስር የተሳለባት።
ያን ጊዜ ካሜራ ይዘው ሲመጡ በአዌቱ ድልድይ ላይ አስነዱት፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥራ ሦስቴ። በአሥራ አራተኛው «በቃ» አሉት።
በኋላ እናቱ ታመሙ። ለአጋሮ ሰው ሸጣት፤
ቁልፉን ሲያስረክብ ፊቱን አዙሮ፣ ስትሄድ እንዳያያት።

አሁን በየቀኑ መስኮቴ ሥር ይቆማል፤
«ዚያዳ፣ የእኔ ፊልም መቼ ነው?» ይላል።
የእኔ ፊልም! ከተዋናዩ ኋላ ሽው የምትል ሰማያዊ ነገር፤
ሦስት ሰከንድ። እሷንም ቆርጠው ጥለዋት ይሆናል፤ ማን ደፍሮ ይንገር?

ዛሬ ማታ ግን፣ መስኮቴን ልዘጋ ስል መጣ፤
የረጠበ ብር ከኪሱ አወጣ።
«አንድ ቁረጪልኝ። ለሚመጣው።»
«ቀን የለውም እኮ፣ ሙዘይን።»
«ቀኑን ባዶ ተይው። ወንበሩን ጻፊ፣ ሰው እንዳይቀድመኝ፦
ሰባተኛ ረድፍ፣ አራተኛ።»
«እሱ ይጥልሃል።»
«ይጣለኝ።»

ቆረጥኩለት።
ወልደሰንበት ከላይ፣ ማሽኑን በአሮጌ ጋቢ እየሸፈነ፣
«ምናልባት የሐሙሱ አውቶቡስ» አለ፤ ለማን እንዳለው እንጃ።
ነገ ቶፊቅ ይመጣል፤ ይቆጥራል፣ ጣቱን በምላሱ አርሶ፤
«ይህች አንዷ ከየት መጣች?» ይለኛል፣ ገጹን ገልብጦ፣ መልሶ።
ከመዝገቡ ግርጌ ባዶ መስመር ነበረ።
በፊልሙ ስም ቦታ «በቅርብ ቀን» ብዬ ጻፍኩ፤
በተመልካች ቁጥር ቦታ፣ አንድ።